የልክነው ጄነሬተር

የሰፈራችንን ጸጉር አስተካካይ እውነተኛ ስም የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያ የሰጠው ቢሮ ብቻ ናቸው። እኛ ልክነው ነው የምንለው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ምንም ይናገር ምን መልሱ አንድ ነው። ታክሲ ነጂው «ዘንድሮ ዝናብ የሚባል አይኖርም» ሲለው «ልክ ነህ» ይላል። ከታክሲ ነጂው ቀጥሎ የተቀመጠው ሥጋ ሻጭ «ዘንድሮስ ዝናቡ ጠርጎ ይወስደናል» ሲለውም «ልክ ነህ» ይላል። ሁለቱ ሰዎች እዚያው ጎን ለጎን ተቀምጠው እየሰሙት ነው ታዲያ። እኔ ከሱ ቤት ቀጥሎ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ እሱ ጋ ነው የምውለው። አንድ ቀን ለምን ከማንም ጋር እንደማይከራከር ጠየቅኩት። «ምላጭ የያዘ ሰው ደንበኛውን አያናድድም» አለኝ። ነገሩ ገባኝ።

ሚስቱ የሱ ተቃራኒ ናት። ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ሠርታለች። ጠርዙ የተሸረፈውን፣ ማኅተሙ የተንሻፈፈውን፣ ቀለሙ የገረጣውን ሳሙና እያነሳች «አያልፍም» እያለች ቅርጫት ውስጥ ትጥላለች፤ ሥራዋ ይኸው ነው። ቤትም ስትገባ ዓይኗ አያርፍም። የተጣመመ መጋረጃ አያልፍም። ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ አያልፍም። ሰፈርተኛው እትዬ ጥራት ብሏታል፤ ፊት ለፊቷ ግን እንዲህ ብሎ ሊጠራት የሚደፍር የለም። «ልክነውን እንዴት አሳለፍሽው?» ሲሏት፣ «ያን ቀን መነጽሬን ረስቼ ወጥቼ ነበር» ትላለች። ፋብሪካው የተጣሉትን ሳሙናዎች ለሠራተኞቹ ስለሚያድል ቤታቸው በጎባጣ ሳሙና የተሞላ ነው፤ የሰፈሩ ወንድ ጢም ሁሉ የሚላጨው በዚያ ጎባጣ ሳሙና አረፋ ነው።

በኛ በኩል የወጀቡ ወራት ሲገባ ነፋሱ ዛፉን ከነቅርንጫፉ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ይጥለዋል፤ መብራት ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይጠፋል። ለልክነው ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። መብራት ሲጠፋ ወንበር አውጥቶ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፣ ሲመጣ ይገባል። ባለፈው ዓመት የደረሰው ነገር ግን ከወትሮው የተለየ ነበር። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር የወላጆች ስብሰባ ሊመሩ አንድ ሰዓት ሲቀራቸው ሊስተካከሉ መጡ። የቀኙ ጎን አልቆ ማሽኑ ወደ ግራ ሲሻገር ነፋሱ አጓራና መብራት ድርግም አለ። ልክነው በመቀስ ሊጨርሰው ሞከረ፤ ነገር ግን ክፍሉ ጨልሟል፣ ርዕሰ መምህሩ በየደቂቃው ሰዓታቸውን ያያሉ። በመጨረሻ ኮፍያቸውን ደፍተው ሄዱ። ስብሰባው እንደተጀመረ አንዲት እናት ተነሥታ፣ «ልጆቻችን ክፍል ውስጥ ኮፍያ አድርገው ይማራሉ፤ ሥርዓት ይያዝልን» ብላ አቤት አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። ርዕሰ መምህሩ ምሳሌ መሆን ነበረባቸው፤ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ወዲህ ተማሪው ግማሽ ጨረቃ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ጸጉራቸውን የሚስተካከሉት ሌላ ሰፈር ነው።

ልክነው በዚህ ነገር ሳምንት ሙሉ ምግብ አልበላለት አለ። በዓመቱ፣ ወጀቡ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ሚስቱ ጄነሬተር እንግዛ አለች። «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው ያለችው። የምትፈልገውንም ለይታ ነው የመጣችው፤ በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራውን። ቤንዚን ተቀምጦ ይበላሻል፣ ጋዝ ግን በደንብ በተዘጋ ሲሊንደር ውስጥ ዓመትም ቢቀመጥ እንዳለ ይቆያል አለች። ልክነው ምን እንዳለ ለመገመት አይቸግርም።

ጄነሬተሩ በመጣበት ሳምንት እሷ ፋብሪካው ውስጥ ድርብ ፈረቃ ነበረባት። መመሪያውን መስተዋቱ ሥር አስቀመጠችና፣ «አንብበው። እኔ ቅዳሜ እስካርፍ ድረስ እንዳትነካው» ብላው ሄደች። መመሪያው ስልሳ አራት ገጽ ነው፣ ፊደሉም ጉንዳን ያክላል። ተራ የሚጠብቅ ደንበኛ ያራግብበት ጀመር።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ ልክነው ቤት ግን መድኃኒቱ በቀን ሃያ ሰው ነበር። መጀመሪያ የባንኩ ጥበቃ መጣ። «ይሄን ግቢ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ? በማግስቱ ገበያ ላይ ነው የምታገኘው። ኮሪደር ውስጥ አስገባው» አለው። ልክነው «ልክ ነህ» ብሎ ኮሪደር ውስጥ አስገባው። ታክሲ ነጂው ደግሞ የዘይቱን ጉዳይ አነሣ። «ሞተር ሞተር ነው። ከመኪናዬ ያወጣሁት ዘይት አለ፣ ልምድ ያለው ዘይት ነው» ብሎ በጀሪካን አመጣለት። ሬንጅ የመሰለው ጥቁር ዘይት ገባ። ሥጋ ሻጩ ሲሊንደሩ በጎኑ መተኛት አለበት ባይ ሆነ። «ቆሞማ ጋዙ እንዴት ይወርዳል?» አለ። ሲሊንደሩ ተኛ። እኔም ከመካሪዎቹ አንዱ ነበርኩ፣ መደበቅ አልችልም። ስለ ጄነሬተር የማውቀው ስለ ጨረቃ ከማውቀው አይበልጥም፤ ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዝም ማለት ይከብዳል። «ድምፁ ጎረቤት ይረብሻል፤ በብርድ ልብስ ጠቅልለው» አልኩት። የራሴን ብርድ ልብስ አመጣሁለት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ኮሪደሩ ውስጥ ተሰበሰብን። ጄነሬተሩ እንደ ታመመ ሰው ተሸፋፍኖ ቁጭ ብሏል፣ ሲሊንደሩ እግሩ ሥር ተጋድሟል። ሚስቱ እስክትመጣ አስነሥተን ልናስደንቃት ነው። ልክነው ጣቱን ወደ ቁልፉ ሲዘረጋ በሩ ተከፈተ።

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች ቆመች። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ጄነሬተሩ ነው» አለ ልክነው።

«ብርድ ልብሱን ማን አለበሰው?»

ልክነው እኔን አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ሲሊንደሩንስ ማን አስተኛው?»

ሥጋ ሻጩ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር ጀመረ። ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም።

ዘይቱን የሚያሳየውን ዘንግ መዘዘች፣ በጣቷ ነካችው፣ አሸተተችው፣ ጣቷን በታክሲ ነጂው እጅጌ ጠረገች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የዚህ ሞተር ጭስ መርዝ ነው። መርዙ ደግሞ አይሸትም፣ አይታይም። ቤት ውስጥ ብታስነሡት ድካም ድካም ይላችኋል፣ ትቀመጣላችሁ፣ ከዚያ በኋላ አትነሡም። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ብመጣ ኖሮ ዛሬ አምስት ሬሳ ነበር የምቆጥረው» አለች። ቀጥላ አንድ በአንድ አየችን። «አንዳችሁም አታልፉም።»

ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩን አጸዳን። ጥቁሩ ዘይት ወጥቶ በመመሪያው የተጻፈው ዓይነት አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ተሞላ። ሲሊንደሩ ቆመ። ሚስቱ መመሪያውን ከፍታ፣ ከማንኛውም በርና መስኮት ቢያንስ ስድስት ሜትር የሚል ቦታ አገኘችና ሜትር ይዛ ግቢ ወጣች። ግቢያቸው ሰፊ አይደለም። ከኩሽናው መስኮት ስታርቀው የመኝታ ቤቱ ይቀርበዋል፣ ከመኝታ ቤቱ ስትሸሽ የሱቁ በር ይመጣል። በመጨረሻ የጓሮው አጥር ሥር አኖረችው። አጥሩ ማዶ ግን የጎረቤታቸው የእማማ መስኮት አለ።

እማማ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ «ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» ሲሉ ኖረው አሁን መጠበቅ የሚባል ነገር አይወዱም። ሰኞ ጠዋት አጥሩን አንኳኩ። «ልጄ፣ ይሄን የብረት ሳጥን ከመስኮቴ ሥር አንሣልኝ» አሉት።

«ልክ ነዎት እማማ» አለና አነሣው። ማታ ሚስቱ ስትመለስ መለሰችው። ማክሰኞ እማማ አንኳኩ፣ ልክነው አነሣ፤ ሚስቱ መለሰች። ያ ጄነሬተር በዚያ ሳምንት ሳር እንደሚፈልግ ፍየል ግቢውን ሲዞር ከረመ። ሐሙስ ዕለት ልክነው ወገቡን ይዞ መጣና፣ «ሁለቱም ልክ ናቸው እኮ። እኔ ነኝ ያለቅሁት» አለኝ።

ዓርብ ሚስቱ ራሷ እማማ ቤት ሄደች፣ ሜትሯን ይዛ። ሁለቱ ሴቶች መስኮት ለመስኮት እየለኩ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ ያለበት ጥግ፣ ከእማማ መስኮት ሰባት ሜትር፣ ከራሳቸው ስድስት ሜትር ተኩል ሆኖ ተገኘ። ገመዱ ብቻ መነሣት ነበረበት። እማማ ግን እሺ ያሉት በአንድ ነገር ነው።

«የጫጩት መፈልፈያዬን ካገናኛችሁልኝ» አሉ። «ስልሳ እንቁላል ነው የማስገባው። አምና መብራት ሲጠፋ ሁሉም ቀዝቅዞ ቀረ።»

«ስንት ዋት ይበላል?» አለች ሚስቱ።

«እኔ ምኑን አውቄ? እንቁላል እንጂ ዋት አልቆጥርም።»

ሚስቱ መፈልፈያውን ገልብጣ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች። ማቀዝቀዣው፣ አምፖሎቹ፣ የጸጉር ማሽኑና መፈልፈያው ወረቀት ላይ ተደመሩ። ጄነሬተሩ ከሚችለው በታች ሆነ። «ያልፋል» አለች። እማማ ቃሉን እንደ ተራ ነገር ሰሙት፤ እኛ ግን ልክነው ሲነግረን ሦስቴ አስደገምነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ። ጥጉ ላይ የሲሚንቶ መደብ ተሠራ፣ በላዩ አራት ብረት ቆሞ ቆርቆሮ ተመታበት፤ ጎኑ ሁሉ ክፍት ነው፣ ጭሱ እንዲወጣ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ከቆጣሪው ወዲህ ማዛወሪያ ቁልፍ አስገባ፤ ወይ ከመንገዱ ምሰሶ የሚመጣው መብራት ወይ ጄነሬተሩ እንጂ ሁለቱ በአንዴ እንዳይገናኙ፣ ምሰሶ ላይ የሚሠራውን ሰው ከዚህ የሚወጣ ኃይል እንዳይገድለው ነው አለን። ወደ እማማ ቤት የሚሄደውን ወፍራም ገመድም እሱ ነው የዘረጋው። ልክነው ማስነሻ ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጻፈ፣ እኔም በነጻ አባዝቼ በላስቲክ ሸፈንኩለት። የብርድ ልብሱን ነገር እንድትረሳልኝ ፈልጌ ነው።

አብሮ የመጣው ሲሊንደር ግማሽ ብቻ ስለነበረ፣ የቀረው ሙሉ ሲሊንደር ማምጣትና ማገናኘት ነበር። ጋዝ አከፋፋዩ ትልቅ ድምፅ ያለው፣ ከጆሮው ጀርባ ሲጋራ የማይጠፋ ሰው ነው፤ የልክነውም የቆየ ደንበኛ ነው። ሚስቱ ሥራ ላይ ነበረች። ሰውየው ሲሊንደሩን አቆመ፣ ጎማውን ገጠመ፣ «አለቀ» አለ።

ልክነው አንድ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ መጣ። ከጎባጣው ሳሙና ጥሩ አረፋ አውጥቷል፣ በእጁ የጢም ብሩሽ ይዟል። «ሚስቴ መገጣጠሚያውን ሁሉ ቀባው ብላኛለች። ካፈሰሰ አረፋው ያብጣል» አለ።

አከፋፋዩ ሳቀ። «ምን ጣጣ አለው? ስሠራ ሃያ ዓመቴ ነው፤ እኔ በዚህ ነው የማየው» አለና ከኪሱ ላይተር አወጣ። «ካፈሰሰ እሱ ራሱ ይነግርሃል። ልክ አይደለሁም?»

እኔ አጥሩ ጋ ነበርኩ፣ እግሬ ወደ ኋላ መሄድ ጀምሯል። ልክነው አፉን ከፈተ። «ልክ…» አለና ቆመ። ፊቱ ቀላ። ቃሉ እንደ ትልቅ ጉርሻ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ሲወጣና ሲገባ ይታየኝ ነበር። «ልክ… ልክ አይደለህም» አለ።

«ምን አልክ?»

«ልክ አይደለህም አልኩህ። ላይተሩን ኪስህ ክተት። ካልከተትክ ሲሊንደርህን ተሸክመህ ውጣልኝ።»

ሰውየው ሲሊንደሩ የተናገረ ያህል ደነገጠ። ላይተሩን ከተተ። ልክነው ጎንበስ ብሎ የሲሊንደሩን አንገት መቀባት ጀመረ፣ ልክ የሙሽራ ጢም እንደሚቀባ፣ ቀስ ብሎ፣ ዙሪያውን እያዳረሰ። የመጀመሪያው መገጣጠሚያ ዝም አለ። ሁለተኛው ላይ አንድ አረፋ ብቅ አለ፣ ዓይን አከለ፣ እንቁላል አከለ፣ ፈነዳ። ወዲያው ሌላ ተተካ።

አከፋፋዩ እጁን አንሥቶ ቅንድቡን ዳሰሰ፣ በቦታው መኖሩን ለማየት ይመስለኛል። ከዚያ ሲሊንደሩን ዘጋ፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለውን ያረጀ የጎማ ቀለበት አውጥቶ ቀየረ፣ አጠበቀ። ልክነው እንደገና ቀባ። አረፋው እንደተኛ ቀረ። «ደህና ሳሙና ነው» አለ አከፋፋዩ ሲወጣ።

ልክነው መደቡ ላይ ቁጭ አለ። «ሠላሳ ዓመት ያጠራቀምኩትን ነው ባንዴ ያወጣሁት» አለኝ።

ወጀቡ የገባው አንድ ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋሱ የሱቆቹን ታፔላ ማንኳኳት ጀመረ፣ መብራት ጠፋ። ወንበሩ ላይ ታክሲ ነጂው ነበር፤ ጢሙ በአንድ በኩል ተከርክሞ በሌላ በኩል ደን ሆኖ ቀርቷል። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ልክነውን ማየት ጀመረ።

«በል አስነሣዋ» አለው ታክሲ ነጂው።

«ነፋሱ ሳይበርድ አይሆንም። ቅርንጫፍ እየወደቀ ነው።»

«እንዲህ ሆኜ ልቀመጥ?»

«አዎ» አለ ልክነው።

ታክሲ ነጂው አንድ ሰዓት ከሩብ በግማሽ ጢም ተቀመጠ። በዚህ መሀል ሚስቱ በዝናብ ርሳ ከሥራ መጣች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ታክሲ ነጂውን አየችው፤ እሱም በእጁ ፊቱን ሸፈነ። ነፋሱ ሲበርድ ባልና ሚስት ወጡ፣ እኔም ተከተልኩ። እማማ መስኮታቸውን ዘግተው ከመስታወቱ ጀርባ ቆመዋል። ልክነው ወረቀቱን እያነበበ ሄደ፤ ዘይት አየ፣ ጋዙን ከፈተ፣ ቁልፉን ተጫነ። ጄነሬተሩ አንድ ሁለቴ አሳለና ዝም አለ። እንደገና ተጫነ። አሳለ፣ ዝም አለ።

«እንዴት ነው የከፈትከው?» አለች ሚስቱ።

«እስከ መጨረሻው። አንዴ ዞር አድርጌ።»

«ባንዴ ከከፈትከው ያፈሰሰ መስሎት ራሱን ይዘጋል። ዝጋውና ቀስ ብለህ ክፈተው። ሲሊንደር ነው እንጂ የቢራ ጠርሙስ አይደለም።»

ዘጋ፣ ትንሽ ቆየ፣ የሚያለቅስ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ቀስ እያለ ከፈተ። ሦስተኛው ላይ ተነሣ። ማዛወሪያው ሲገለበጥ የሱቁ አምፖል በራ፣ ከውስጥ ጩኸት ተሰማ፣ እማማ ከመስታወቱ ጀርባ አጨበጨቡ። የታክሲ ነጂው ጢም በአሥር ደቂቃ አለቀ።

ወሬው እግር አለው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩ ስልኩን ይዞ መጣ። ልክነው ስልክ አልከለከለም። ብየዳ ሠራተኛው ግን ማሽኑን በጋሪ ገፍቶ ሲደርስ፣ «አይሆንም» አለው፣ በሩ ላይ ቆሞ። ቀጥዬ እኔ ነበርኩ። «ሃያ ገጽ ብቻ ኮፒ ላድርግ፣ ሰውየው እየጠበቀኝ ነው» አልኩት።

«ያንተ ማሽን ሲሞቅ ከማቀዝቀዣ በላይ ነው የሚስበው። እንቁላል አለብን። አይሆንም።»

ሆድ ባሰኝ፤ ጎረቤቱ ነኝ፣ ወረቀቱን ያባዛሁት እኔ ነኝ። ግን ወደ ውስጥ ዞር ስል ማሽኔ ጀርባ ላይ የተጻፈው ቁጥር ታወሰኝ። «ልክ ነህ» አልኩት።

መብራት የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። በየመሀሉ ሞተሩን እያሳረፉ፣ ዘይቱን እያዩ፣ ሲሊንደር እየቀየሩ ቆዩ። ከስልሳው እንቁላል አርባ አንዱ ተፈለፈለ። እማማ አርባ አንዱንም ለሰፈሩ ሰው በስልክ ተናገሩ፣ አንድ በአንድ።

አሁን በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ልክነው ጄነሬተሩን ለሃያ ደቂቃ ያስነሣዋል፣ ወጀብ ኖረም አልኖረም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። መከራከር ጣመው። ስለ ኳስ ይከራከራል፣ ስለ ዝናብ ይከራከራል፣ አንድ ቀን ከባንኩ ጥበቃ ጋር ዓሣ ይተኛል አይተኛም በሚል ግማሽ ቀን ተሟገተ። ሁለት ደንበኞች በዚህ ተቀይመው ቀርተዋል። ሥጋ ሻጩ ግን ከበፊቱ ይልቅ ይመጣል፤ ጸጉር ባይኖረውም ይመጣል።

ባለፈው ሳምንት ጸጉሬን ወደ ኋላ እንዲታበጠር ረዘም አድርገህ ተውልኝ አልኩት። «አይሆንም። ከፊት ሳስቷል፣ ስታስረዝመው ጎልቶ ይታያል» አለኝ፣ ስድስት ሰው ተራ በሚጠብቅበት። ተነሥቼ ወጣሁ። ሦስት ቀን ሙሉ በሱቁ ፊት ለፊት ሰላም ሳልለው አለፍኩ። በአራተኛው ቀን ገባሁና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ራሱ እንዳለው አሳጠረው። ቤት ስገባ ሚስቴ፣ «ምን ሆነህ ነው? አምሮብሃል» አለችኝ። ማን እንዳስተካከለኝ አልነገርኳትም።